ክብርና ኪብር



እዚህ ጂንካ ለመድረሳ ልጆች ዐረብኛ ሳስተምር «ኪብር» ከሚለው ቃል ስንደርስ አንዱ እጁን ማውጣቱ አይቀርም፤ «ኡስታዝ፣ ክብር ጥሩ ነገር አይደለም እንዴ?» ይላል። ጥያቄው ትክክል ነው። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ግእዝና አማርኛ ከዚያ ሥር ክብርንና ክቡርን ሲያወጡ፣ ዐረብኛ ከቢርን (ትልቅን)፣ አክበርንና ኪብርን አወጣ። ኪብር ራስን ከልክ በላይ ማግዘፍ ነው። እኛ «ትዕቢት» የምንለው መሆኑ ነው፤ እርሱም «ዐብየ»፣ ማለትም ትልቅ ሆነ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ነው።

ግሡን ደግሞ ልብ በልልኝ። አማርኛውም ዐረብኛውም «በ»ን አጥብቀው «ተከበረ» ይላሉ። በአማርኛ ግን አክባሪው ሌላ ሰው ነው፤ በዐረብኛ ሰውየው ራሱን በራሱ ትልቅ አድርጓል፤ ማንም አልሾመውም! ለዚህ ነው «አል-ሙተከቢር» ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ስም ሲሆን ለባሪያው ነውር የሆነው። በአምስቱ ፈርድ ሶላቶች በቀን 94 ጊዜ «አላሁ አክበር» እንላለን፤ ቃሉ ከዚያው ሥር ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የብናኝ ታህል ኪብር በልቡ ያለበት ሰው ጀነት እንደማይገባ ሲናገሩ፣ አንድ ሰው ልብስና ጫማ እንዲያምር መውደድስ ብሎ እንደጠየቃቸው ሙስሊም ዘግበዋል። አላህ ውበትን እንደሚወድ ነገሩት፤ ኪብር ሐቅን መግፋትና ሰውን መናቅ መሆኑንም አስረዱት።

ይህን ሳስተምር ከኦሞ ወንዝ ዳር፣ ከዱስ የመጣ አንድ የካራ ሰው ገላውን በነጭ አፈር አስጊጦ ከተማችን ውስጥ ባለፈ ማግስት ነበር። ልጆቹ መንገድ ላይ ስቀውበታል። አንዱ ደረሳ፣ «ኡስታዝ፣ ኪብር ያለበትስ እሱ ነው፤ እንዴት እየተጀነነ ነበር የሚሄደው!» አለ።

«ማንን ናቀ?» አልኩት።

አሰብ አደረገና፣ «እኛን ዞር ብሎም አላየንም» አለ።

ከኋላ የተቀመጠች፣ ሐመርኛ የምትሰማ ልጅ ነበረች፤ የካራ ቋንቋ ለሐመርኛ ቅርብ ነው። «ኧረ አይቶናል» አለች። «ስትስቁ እኮ የሆስፒታሉን መንገድ እየጠየቀን ነበር።»