መጀመሪያ ፎከስ፣ ከዚያ ሰማያዊ መስመር

ዛሬ የሙሽራዋ አያት ቀጥ ብለው ወደ ካሜራዬ መጡ። ከሶፋው ተነስተው፣ ነጠላቸውን እያጣፉ፣ የሚዜውን ግርግር ሰንጥቀው፣ ሌንሱ ድረስ። ፎከሱም አብሯቸው መጣ። ከሦስት ሜትር ተነስተው አንድ ሜትር ግድም እስኪደርሱ አንዴም አልሳተም። የጥለቱ ክር አንድ በአንድ ይታያል፤ ከዓይናቸው ሥር ያለው ሽብሽብ ይታያል። እንደደረሱ ጎንበስ ብለው መስታወቱን አዩና "ልጄ፣ ይሄ ነገር አይፈነዳም አይደል?" አሉኝ።

በአናሞርፊክ ሌንስ ነው ይሄ ሁሉ። በአናሞርፊክ፣ ወገን!

ከእኔ ጋር የቆያችሁ የዕቃውን ጣጣ ታውቁታላችሁ። ኋላ ጂኤች5 ካሜራ፣ ቀጥላ ያቺ አሮጊት ሄሊዮስ 58 ሌንስ፣ ከፊቷ አናሞርፊኩ ኮዋ። ኮዋው ሲወለድ የሲኒማ ማሽን ዕቃ ነበር። ሥራው ተጨምቆ የተቀረጸ ፊልም ስክሪን ላይ መዘርጋት ነው፤ እኛ ዓለሙን አዞርንበትና ማስጨመቂያ አደረግነው። አሁን ከሁሉም ፊት አንድ ተጨማሪ አባል ገብቷል፦ ቫሪያብል ዳዮፕተር። ረዳቴ "ብሮ፣ ትንሽ ከቀጠልክበት እኮ አንተ እዚህ ሆነህ ሌንሱ ሙሽራዋ ቤት ይደርሳል" ይለኛል። ይሳቅ። ዛሬ ማታ ፉቴጁን ሲያይ ዝም ብሏል።

አናሞርፊክ የሚባል ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለዚያች ሰማያዊ መስመር ነው። "ፍሌሩ እንዴት ነው? መስመሩ ይረዝማል?" ይረዝማል። ሞላላዋ ቦኬም አለች። ግን ማንም ስለ ፎከስ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ሲገዙት ነው የሚያለቅሱት።

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል የአገሬ ሰው። ሁለት የፎከስ ቀለበት ላይ ይሄ ተረት አይሠራም፤ አንዱ ሲስት ሁለቱም ይወድቃሉ። ሰውየው ሁለት ሜትር ላይ ከቆመ ሄሊዮሷም ሁለት ሜትር፣ ኮዋውም ሁለት ሜትር መሆን አለባቸው። ካልተስማሙ ምስሉ በአንድ አቅጣጫ ጥርት ይልና በሌላው ይቀባል፤ የበሩ መቃን ቁልጭ ብሎ ደፉ ይደበዝዛል። ሰውየው አንድ እርምጃ ሲራመድ ደግሞ ሁለቱንም እኩል ማዞር አለብህ። እጅ ያለን ሁለት ነው። ካሜራውን ማን ይያዝልህ?

በዚህ ምክንያት የከተማችንን አናሞርፊክ ክሊፖች ልብ ብላችሁ እዩ። አርቲስቱ ግድግዳ ተደግፏል። አርቲስቱ መኪና ላይ ተቀምጧል። አርቲስቷ በጎን በኩል፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ርቀቷን ጠብቃ ታልፋለች። ወደ እኛ የሚመጣ ሰው የለም። ተመልካች "ምን ዓይነት የተረጋጋ ዳይሬክቲንግ ነው" ይላል። የምን መረጋጋት፣ ፎከስ ፑለሩ ነው ያስፈራራቸው!

ክሊፕ ላይ ያምራል፣ እሺ። ሰርግ ላይ ምን ልታደርግ ነው? ሰርግ እኮ ያለው ነገር ሁሉ ወደ ፊት የሚመጣ ነው። ሚዜዎቹ በር ላይ ሲከለከሉ ግፊያው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው። ሙሽራዋ ከመኝታ ቤት ስትወጣ ወደ አንተ ነው የምትመጣው። ጉልበት ሊስሙ ሲጎነበሱ አሁንም ወደ አንተ። እናትየው እስክስታ ስትወርድ አንገቷ ይቀድምና ትከሻዋ ይከተላል፣ ሌንሱ ላይ ልትወጣ ምንም አይቀራት። አንዷንም "እዚያው ቁሚልኝ" ማለት አትችልም።

የቫሪያብል ዳዮፕተሩ አሠራር ሲያዩት ያናድዳል፣ በጣም ቀላል ስለሆነ። ሁለት መስታወት ነው። አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ፣ ጉልበታቸው እኩል። ሲጠጋጉ ይጣፋሉ፤ ድምሩ ዜሮ፣ እንደሌሉ ነው። ቀለበቱን ስታዞር ይራራቃሉ፣ ያ ክፍተት ራሱ ጉልበት ይወልዳል። አንዱ +5፣ ሌላው −5 ዳዮፕተር ቢሆኑና 20 ሚሊሜትር ብታራርቃቸው +0.5 ታገኛለህ። +0.5 ማለት ሁለት ሜትር ላይ የቆመ ሰው ነው። +1 አንድ ሜትር። +2 ግማሽ ሜትር። ሄሊዮሷም ኮዋውም ኢንፊኒቲ ላይ ሆነው በፕላስተር ታስረዋል፤ እነሱ እስከሚያውቁት ድረስ አያትየው ገና አድማስ ላይ ናቸው። መጠጋታቸውን የሚያውቀው የፊተኛው ብቻ ነው። አንድ ቀለበት፣ አንድ ጣት። ሌላው እጄ ካሜራውን ይዟል፣ ዓይኔ ሰውየው ላይ ነው።

ሬክቲሉክስ በሉት፣ ኤስኤልአር ማጂክ ሬንጅፋይንደር በሉት፣ ራፒዶ በሉት፣ ሐሳቡ አንድ ነው። የጀርመኑ ኢስኮራማማ ይህንን ብልሃት ከፋብሪካ በሆዱ ይዞ ነው የወጣው፤ ዋጋውን ስታዩ የምትደነግጡት ለዚህ ነው።

ዕዳ የለውም እያልኩ አይደለም። አፐርቸር 2 ላይ ምስሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። 4 ላይ ይጠራል፣ 5.6 ላይ ትተኛለህ፤ ግን አንድ አምፖል ባለበት ሳሎን 5.6 ማን ይሰጥሃል? በመስኮቱ ብርሃን ፊት ነጭ ነጠላ ሲመጣ ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ነገር ብልጭ ይላል። ክብደቱ ሁሉ ፊት ላይ ስለሆነ ከሥር በሮድ ካልደገፍከው ሄሊዮሷ አንገቷን ትደፋለች። ኦቶፎከስ የሚባለውን እርሳው። ኮዋውን ስትገጥም በስልክህ ባትሪ አብራበት፤ መስመሩ ከወለሉ ጋር ልክ አግድም ካልሆነ ሙሽሮቹ ዘመም ብለው ይጋባሉ። ይበልጥ መጠጋት ከፈለግክ ከፊቱ ተራ +0.5 ክሎዝአፕ ትጨምርበታለህ፤ ያኔ ግን የሩቁ ጫፍህ ሁለት ሜትር ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመድ ጉም ነው።

ይሄን ሁሉ ላፕቶፑ ላይ እያየሁ ብቻዬን ፈገግ ብዬ ባለሁበት ስልክ ተደወለ። ያለፈው ሰርግ ደንበኛዬ፣ የሙሽራው አጎት ናቸው።

"ልጄ፣ ቪዲዮው ጥሩ ነው። ግን ከላይም ከታችም ቆርጠኸዋል።"

"አልቆረጥኩም ጋሼ፣ ቅርጹ ነው።"

"ጥቁር ነገር አለው እኮ።"

"እሱ ባዶ ቦታ ነው ጋሼ።"

"ታዲያ ባዶውን ለምን ሸጥክልን?"

ምን ትላለህ? ዝም አልኩ። "ግዴለም፣ እኛ በሪሞት አስተካክለነዋል" አሉና ፎቶ ላኩልኝ። ቲቪውን ሙሉ አድርገው ዘርግተውታል። ሙሽራው ቁመቱ ተመዝዞ ጣሪያ ሊነካ ነው፣ ሙሽራዋ አንገቷ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም፣ ኬኩ ሰባት ፎቅ ሆኗል። ነገሩ ገባችሁ? እኔ ጨምቄ ቀረጽኩ፣ ኤዲት ላይ በሁለት እጥፍ ዘረጋሁት፣ ጋሼ ደግሞ በሪሞት መልሰው ጨመቁት! ካሜራዬ ስክሪን ላይ የነበረውን ዓይነት ቅጥነት መልሰውልኛል።

እኔ ደግሞ ይሄ ነገር የቆየ ቁስሌ ነው። ቤታችን ጠፍጣፋ ቲቪ የገባ ጊዜ አባዬ አራት ማዕዘኑን የድሮ ስርጭት ወደ ጎን ዘርግቶ ነበር የሚያየው። ዜና አንባቢው ሁሉ ወፍራም። ኳስ ተጫዋቹ ሁሉ ወፍራም። ኳሷ ራሷ ዕንቁላል። "አባዬ፣ ተለጥጦ እኮ ነው" ስለው "ሙሉውን ቲቪ ነው የገዛሁት፣ ግማሹን አልገዛሁም" ይለኝ ነበር። እሱ ሲተኛ ቀስ ብዬ አስተካክላለሁ፤ ጠዋት ተነስቶ ይመልሰዋል። ማንም ምንም ሳይል ስንት ዓመት ወፍራም ሰው አየን። እንግዳ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ወፍራም ዜና አይቶ ይሄዳል። አንድም ሰው "ይሄ ሰውዬ ምን ሆነ?" አላለም!

ሆሊውድም በዚሁ በሽታ ተይዞ ነበር። ፈረንሳዊው ኦንሪ ክሬቲየን በ1920ዎቹ የሠራውን የማስጨመቂያ ሌንስ ሐሳብ ፎክስ ገዛና ሲኒማስኮፕ ብሎ አወጣው፤ "ዘ ሮብ" እ.ኤ.አ. በ1953 የመጀመሪያው ሆኖ ለእይታ ቀረበ። (ክሬቲየን ማለት የሀብል ቴሌስኮፕ የመስታወት ዲዛይን ላይ ስሙ ያለበት ሰውዬ ነው። ከዋክብት ሲያይ ኖሮ ለእኛ ለሰርግ ቀራጮች ሥራ ፈጠረልን።) ታዲያ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ሌንሶች ሰው ቀረብ ሲል በደንብ አይጨምቁም ነበር። ማሳያው ማሽን ግን ሁሉንም በእኩል ይዘረጋል። ውጤቱ? ክሎዝአፕ ላይ የተዋናዩ ጉንጭ ያብጣል። ራሳቸው ባለሙያዎቹ "ጆሮ ደግፍ" ነበር የሚሉት። ብዙ የሚከፈላት ተዋናይት ጆሮ ደግፍ ይዟት ስክሪን ላይ ስትወጣ አስቡት! የፓናቪዥኑ ሮበርት ጎትሻልክ ይሄን ጉንጭ የሚያስተካክል ሌንስ ይዞ መጣ፤ እ.ኤ.አ. 1967 ሲደርስ ፎክስ ራሱ የገዛ ሲኒማስኮፑን ትቶ ወደ ፓናቪዥን ዞረ። ያን የሚያህል ስቱዲዮ ለጉንጭ ሲል እጁን ሰጠ። አባዬ ግን አልሰጠም።

እና ጋሼን ምን ልበላቸው? የዚያው ሰርግ ሙሽራማ ብሳለች፤ "ለቲክቶክ ደግሞ ቁም አድርገህ ላክልኝ" ብላለች። የእኔ ፍሬም 2.66 ለ1 ነው። ወደ ስልክ ቁም ስትቆርጠው ከስፋቱ የሚተርፈው አምስት አንዱ ግድም ነው። ከሁለቱ ሙሽሮች የትኛውን እንደማስቀር አልነገረችኝም።

ይቅር። ወደ አያትየው ልመለስ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ እሳቸው ናቸው ልቤ ውስጥ የቀሩት።

ዳዮፕተሩ ከፊት ስለሚሠራ ኮዋው ሁሌም ኢንፊኒቲ ላይ ነው፤ ሁሌም ኢንፊኒቲ ላይ ስለሆነ የሚጨምቀው ልክ አይለዋወጥም። ስለዚህ አያትየው ሦስት ሜትር ላይ የነበራቸው ፊት አንድ ሜትር ላይም ያው ነው። ጉንጫቸው አላበጠም። ጠይም፣ ቀጭን፣ የራሳቸው ፊት። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን የሰርግ ቪዲዮ ከሃያ ዓመት በኋላ ማን ፈልጎ እንደሚያየው ታውቃላችሁ። ሙሽሮቹ ራሳቸውን ሊያዩ አይከፍቱትም። በመሃል የሌሉ ሰዎችን ሊያዩ ነው የሚከፍቱት። አያትን ሊያዩ። ያኔ የሚያዩት ፊት የሌንስ ስህተት ያለበት ፊት መሆን የለበትም።

ሁለት ቀለበት ያለው ዕቃ ይዘን ሰርግ ቤት ስንገባ የምናደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በቴፕ ወለል ላይ ምልክት እናደርጋለን። "እማማ፣ እዚህች ላይ ይቁሙልኝ። አይንቀሳቀሱ። ወደዚህ አይምጡ።" አስቡት እስቲ። የልጅ ልጃቸውን የሚድሩ አሮጊት በገዛ ቤታቸው፣ በዚያ ቀን፣ "ወደዚህ አይምጡ" ይባላሉ። የሚላቸው ደግሞ ተከፍሎት የመጣ ልጅ ነው፣ ለሰማያዊ መስመር ሲል። ነውር ነው። ሌላ ቃል የለውም። እሳቸውም እሺ ብለው ይቆማሉ፣ ትልቅ ሰው ስለሆኑ። ፍሬሙ ያምራል፣ እሳቸው ግን እንግዳ ቤት የገቡ ይመስላሉ።

ዛሬ ማንንም ቁም አላልኩም። መምጣት የፈለገ መጣ። አንድ ሕፃን መስታወቱን በከረሜላ እጁ ነካው፣ አጠገቤ እስኪደርስ እሱም ፎከስ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ ብር እያጠራቀማችሁ ላላችሁ ምክሬ ይሄ ነው። አናሞርፊኩን ገዝታችሁ ፎከሱን "በኋላ እደርስበታለሁ" አትበሉ። ሁለቱ አንድ ዕቃ ናቸው ብላችሁ በጀት ያዙ፤ ለሁለቱ ካልበቃችሁ ተራ ሌንስ ይዛችሁ ሰዉን ተከተሉት፣ ማንም አይቀየማችሁም። "አያቴን አሳየኝ" የሚል ሰው መስመሯን አይፈልጋትም።

ቲቪ ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ሪሞቱን አንሱና "ኦሪጅናል" የሚለውን ተጫኑልኝ። ጋሼን የምታውቁም ንገሯቸው።