ወፍራምና ቀጭን

«አልሰማሁም» ለሚለን ሰው ያለን መልስ አንድ ነው፤ እንጮኻለን። ደግሞ «አልሰማሁም» ካለ የባሰ እንጮኻለን። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅማ «በቃ ተወው» ብለን እናልፈዋለን። አረጋውያን ባሉበት ቤት ዝምታ የሚገባው በዚህች በሦስተኛዋ በር ነው።

እናቴ ሰባውን ካለፈች ወዲህ የእኛም ቤት ወግ ይኸው ሆኖ ነበር። የምንኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ ኤሌክትሪክ ኤሌክትሪክ ይላልና፣ እኔም ከሽቦ ጋር መዋሌ ብዙ አያስገርምም። እንጀራዬ ብዕር ነው፤ ሱሴ ግን መበየጃ። ከተጣለ ቴፕ በፈታሁት ትራንስፎርመርና ከመርካቶ በገዛኋት ቲዲኤ 2030 በምትባል ባለ 5 እግር ቺፕ የሠራኋት የድምፅ ማጉያ አለችኝ። የነበራት ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ።

እናቴ ደግሞ አንድ ካሴት አላት። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ወጥታ በሰው አገር የቀረችው ታናሽ እህቷ፣ እንደዚያን ጊዜው ልማድ፣ በደብዳቤ ፈንታ ድምጿን ቀድታ የላከችላት ነው። አክስቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። እናቴም በየዓመት በዓሉ ካሴቱን ታስከፍተኛለች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን እኔ ቁልፉን በጨመርኩ ቁጥር እሷ ፊቷን ታጨማድድ ጀመር። ባለፈው ፋሲካ «ድምፁስ ይሰማኛል፤ የምትለው ነው የማይገባኝ» አለች። ጥቂት ቆይታም «እንግዲህ ይብቃው ልጄ» ብላ ካሴቱን በመሐረብ ጠቀለለችው።

ነገሩን ሁሉ የያዘችው ይህች አነጋገሯ ናት። ጎረቤት ሙዚቃ ሲከፍት በግድግዳው አልፎ የሚመጣልን ምንድን ነው? ከበሮው ነው። ዘፋኙ ምን እንዳለ አናውቅም። ወፍራም ድምፅ ግድግዳ ይሻገራል፤ ቀጭኑ እዚያው ይቀራል። በንግግርም «አ»፣ «ኦ» የምንልበት ድምፅ ጉልበቱ ባብዛኛው ከ1000 ኸርዝ በታች ሲሆን፣ የ«ስ» ፉጨት ግን ከ4000 በላይ ይወጣል። እርጅና ጆሮን የሚሸረሽረው ከዚያ ከላይኛው፣ ከቀጭኑ ወገን ጀምሮ ነው። «ሰማ» ይሁን «ሸማ» የሚለየው እዚያ ላይ ነውና ሰውዬው ድምፅ እየሰማ ቃል ያጣል። እኛ ስንጨምርለት ደግሞ ድሮም የሚሰማው ወፍራሙ ነጎድጓድ ሆኖ የቀረችውን ቀጭን ይውጣታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእናቴ ጆሮ ባዳ የሆነው ለቃል ብቻ ነበር።

መፍትሔው ወፍራሙንና ቀጭኑን ለየብቻ ማዘዝ ነው። ፒተር ባክሳንዳል የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለዚህ የሚሆን ንድፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1952 «ዋየርለስ ዎርልድ» በተባለ መጽሔት ላይ አወጣ። ያ ንድፍ እስከ ዛሬ በየማጉያው ውስጥ ይሠራበታል። ጥበቡ ያለው ካፓሲተር በሚባለው ዕቃ ጠባይ ላይ ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ በቀላሉ ያሳልፋል፣ ወፍራሙን ያግዳል። በዚህ ላይ ባክሳንዳል ከማጉያው መውጫ ጥቂቱን ገልብጦ ወደ መግቢያው መለሰው። ቁልፉ መሐል ላይ ሲሆን የሚገባውና የሚመለሰው እኩል ነውና ድምፁ እንዳለ ያልፋል፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ያድጋል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይቀንሳል።

ሁለት ባለ 100 ኪሎ ኦም ፖቴንሾሜትር፣ አንዲት ባለ 8 እግር ቺፕ፣ እፍኝ የማይሞሉ ካፓሲተሮችና ሬዚስተሮች ገዛሁ። ሥራው ሁለት ማታ ፈጀ። አንደኛው ማታ ያለቀው ከመብራቱ የሚመጣውን የ50 ኸርዝ እምምታ በማባረር ነው። የቁልፎቹን የብረት ልብስ ከመሬቱ ሽቦ ጋር አገናኝቼ፣ የድምፁን መስመር መከላከያ በለበሰ ገመድ ስተካው ጸጥ አለ።

እየበየድኩ ያሰብኩት በገናን ነበር። የአሥሩ አውታሮች ድምፅ እጅግ ወፍራም ነው። አባቶቻችን ግን በእያንዳንዱ አውታርና በመቆሚያው መካከል እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ያስገቡበታል። ያ የምናውቀው ንዝረት ከእሷ ይመጣል፤ በወፍራሙ ላይ ቀጭን ድምፅ እየጨመረ ለጆሮ ያቀርበዋል። ያለ ካፓሲተር የተሠራ የድምፅ ማስተካከያ ማለት ይኸው ነው።

በሦስተኛው ቀን እናቴን አስቀምጬ ካሴቱን ከፈትኩ። የወፍራሙን ቁልፍ ወደ ግራ፣ የቀጭኑን ወደ ቀኝ መለስኩት። ለእኔ ጆሮ የሚያስጠላ ነገር ሆነ፤ የካሴቱ እሽታ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ፣ የአክስቴም ድምፅ የቀጠነ። እናቴ ግን ጣቷን አነሣች።

«ሽሮው!» አለች። «ሽሮው መንገድ ላይ ፈሰሰ ነው የምትለው! በዚያ ሰውዬ ልብስ ላይ!»

በደርግ ጊዜ በመንገደኛ እጅ የላከችው ሽሮ ነው። ሳቀች፤ ከዚያ ዝም አለች፤ ከዚያ «መልሰው እስቲ» አለችኝ። የድምፅ መጨመሪያውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከወትሮው በታች ነበር።

ቁልፉ ተአምር አይሠራም። ካሴቱ ያልያዘውን አያመጣም፤ ጆሮ ፈጽሞ የተወውንም አይመልስም፤ ሐኪምንም አይተካም። ደግሞም ለሁሉ አይስማማም። ወንድሜ በመጣ ቁጥር «ይሄ ነገር ጆሮ ይበላል» እያለ ወደ መሐል ይመልሰዋል። ልክ ነው፤ ለእሱ ጆሮ ልኩ መሐሉ ነው። ለእናቴ ግን ያ መሐል የጎረቤት ግድግዳ ነው። እኔም ለእሷ ያስተካከልኩት በራሴ ጆሮ ሳይሆን ፊቷን እያየሁ ነው።

አሁን እሷን ስናነጋግር መጮኹን ትተናል። ሬዲዮውን ቀንሰን፣ ቀረብ ብለን፣ ፊታችንን ወደ እሷ አዙረን፣ ቃሉን እንለይላታለን። ወንድሜ እንኳ፣ በቁልፉ ነገር ባይስማማም፣ ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀው «ተይው» ማለቱን ትቷል።