ዋይፋይ ማድቤት የገባ ቀን

ድሮ በአያቶቼ ቤት ኢንተርኔት የሚገኘው የሳሎኑ መስኮት ደፍ ላይ ነበር። እዚያ ብቻ! ቤቱ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የጥንት ቤቶች አንዱ ነው፤ ምድሩ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ ፎቁ እንጨትና ጭቃ፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ዙሪያው የእንጨት በረንዳ። የድንጋዩ ግድግዳ ውፍረት ከክንድ ስለሚበልጥ ደፉ ሰው ያስተኛል። እኛ የልጅ ልጆችም ተራ በተራ እንተኛበት ነበር፤ ስልክ በእጅ፣ እግር ወደ ላይ!

ከዚያ በፊት የነበረውንማ ተዉት! ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ጋ ግን ዘግይቶ በስልክ መስመር መጣ። ያ የሞደም ጩኸት! ሲያፏጭ፣ ሲንጫጫ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ሲል ልባችን ይዘላል፤ ገባ ማለት ነው። ፍጥነቱ ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎቢት። ዋሽንግተን ያለችው አክስቴ ፎቶ ስትልክ መጀመሪያ ፀጉር፣ ቀጥሎ ግንባር እያለ ይወርዳል፤ አገጯ ጋ እስኪደርስ ሻይ ይፈላል። መስመሩ ስለሚያዝም እማማ ከጓዳ «ኧረ ልጆች ልቀቁት፣ ሰው ይደውል ይሆናል!» ይላሉ።

ዋይፋይ ሲመጣ ራውተሩ የተቀመጠው የስልኩ መስመር በሚገባበት በአባባ የመጻሕፍት ክፍል ነው። በሩ ሲዘጋ ሞገዱ በመስኮት ወደ በረንዳው ይሾልካል፤ ከበረንዳው ሳሎን ደፍ ላይ ያርፋል። ጓዳ ግን ድርግም! ምክንያቱን ሳውቅ ያን ደፍ ይበልጥ ወደድኩት። ሞገድ በድንጋይና በጭቃ ሲያልፍ ጉልበቱን እየገበረ ነው፤ ግድግዳው ውኃ ሲጠጣ ደግሞ ይብስበታል። የዋይፋዩ 5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ወፍራም ግድግዳ ይረታዋል፤ 2.4ቱ ይዘገያል እንጂ የተሻለ ዘልቆ ይገባል። በርና መስኮት ካገኙ ሁለቱም ይወጣሉ።

አሁንስ? አሁንማ ቤቱ ሁሉ ደፍ ሆኗል!

እንዴት? ብዙ ሰው ግድግዳ ሲያስቸግረው ቶሎ የሚገዛው ሪፒተር ነው። ለድንጋይ ቤት አልመክረውም። ሪፒተር የሰማውን ነው የሚደግመው፤ ጓዳ ተቀምጦ ምንም ካልሰማ ምኑን ይደግማል? ቢሰማም እንኳ በአንዱ ሞገድ ተቀብሎ በዚያው የሚያስተላልፈው ዓይነት ፍጥነቱን ግማሽ ያህል ይቀንሳል። የወፍራም ግድግዳ መድኃኒቱ ኬብል ነው፤ ኬብሉን ክፍሉ ድረስ ወስዶ እዚያ አክሰስ ፖይንት መስቀል።

የአጎቴ ልጅ ኤሌክትሪሻን ነው። ድንጋዩን አንድ ቦታ እንኳ አልበሳም! ከአቡጀዴው በላይ ኬብሉን አሳለፈ፤ በፎቁ ወለል ጥግ፣ የድሮ የመብራት ሽቦ በነበረበት ቀዳዳ፣ ወደ ጓዳ አወረደው። ካት 6 ኬብል እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ ኃይልም በዚያው ስለሚሄድ ጓዳው ውስጥ ሶኬት መፈለግ አላስፈለገም። ወደ ማድቤቱ ደግሞ ግቢውን ቆፍሮ በላስቲክ ቱቦ ቀበረው። ለራውተሩም ለአክሰስ ፖይንቶቹም አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ሰጣቸው፤ ስልኩ ከሳሎን ወደ ጓዳ ስንሄድ ራሱ ቅርቡን ይይዛል። ሥራው አልቆ አቡጀዴው ተመልሶ ሲወጠር ምንም ነገር የተነካ አይመስልም ነበር። የአባባን ቤት ሳያቆስሉ ዘመን ማስገባት ይቻላል ብዬ ስከራከር የኖርኩትን በዓይኔ አየሁት!

ለፋሲካ ዋዜማ አክስቴን በቪዲዮ ይዤ ዞርኩ። ሳሎን፣ የአባባ መጻሕፍት፣ ደረጃው፣ ጓዳው፤ ጥሪው አንዴም አልተቋረጠ! «እዚያች ጥግ ነበር የምተኛው!» ትላለች፤ «መሶቡ አሁንም አለ?» ትላለች፤ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። ግቢውን አቋርጠን ማድቤት ስንገባ እማማ የዶሮውን ወጥ እያማሰሉ ነበር።

«እማዬ፣ ሽንኩርቱ ገና ነው፤ ትንሽ ይቁላላ!» አለች አክስቴ።

«ከዋሽንግተን ሆነሽ ታየሽ?» ብለው እማማ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው ድስቱ ላይ ደፉት። «በደንብ እዪው እንግዲህ!»