ትንሿ ሳጥን ምን ያህል ትፍጠን?

ሳሎናችን ያለችው ኮምፒውተር ከጫማ ካርቶን ብዙም አትበልጥም። የልጆቹ ፎቶና የቤት ሥራ፣ የባለቤቴም ሒሳብ ያለው እሷ ላይ ነው። ስለዚህ ኦቨርክሎክ ላድርጋት፣ ማለትም ከፋብሪካ ከተወሰነላት ፍጥነት በላይ ላሠራት ሳስብ መጀመሪያ የገዛሁት ተጨማሪ ፋን ሳይሆን ፎቶዎቹን የምገለብጥበት ሃርድ ዲስክ ነው።

ቀጥሎ ፕሮሰሰሩን ማወቅ ነው። ኢንቴል ከሆነና ስሙ መጨረሻ ላይ «ኬ» ፊደል ከሌለ በአብዛኛው ፍጥነቱ የተቆለፈ ነው። የእኛው ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ ክፍት ነው፤ ዋስትናው ግን ኦቨርክሎክ ያደረሰውን ጉዳት አይሸፍንም።

በጠባብ ሳጥን ውስጥ ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢችልም እኔ 80ን አጥር አደረግሁ። አቧራውን ጠርጌ፣ ጀርባዋን ከግድግዳ አራቅሁ። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ገብቼ፣ ቮልቴጁን ሳልነካ፣ የግራፊክሱን ፍጥነት ከ1900 ሜጋኸርዝ በ50 በ50 ጨመርኩ። ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላ ለአንድ ሰዓት ከባድ ጌም ከፍቼ ሙቀቱን አያለሁ።

ኮምፒውተሩ ደርቆ ከቀረ አንድ እርምጃ ይመለሱ። ጭራሽ አልነሳ ካለ ከሶኬት ይንቀሉትና ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ያውጡ፤ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለሳል።

እኔ 2050 ላይ ቆሜያለሁ። ጌሙ ለስልሷል፣ ፋኑም አይጮህም። ከዚያ በላይ መግፋት ይቻል ይሆናል፤ ግን የቤት ሥራ መሃል የምትጠፋ ኮምፒውተር፣ ምን ብትፈጥን ለቤተሰብ አትሆንም።