ለአሮጌ ቫን ጎማ ስትገዙ

በየሰፈራችን የእኛ ሰው የሚሠራበት አሮጌ ቫን ሞልቷል። የሠርግ ምግብ የሚያደርስ አለ፣ ዕቃ የሚጭን አለ፣ እሁድ እሁድ አዛውንቶችን ቤተ ክርስቲያን የሚያመላልስ አለ። ሞተሩ ትንሽ ድምፅ ሲለውጥ ሁላችንም ደንግጠን መካኒክ ጋ እንሮጣለን። ጎማ ግን እስኪፈነዳ ድረስ አይናገርም። እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ምግብ ቤት ነው ያለኝ። ግን ድስትና እንጀራ በቫን ስጭን ዓመታት ስላለፉ፣ ስለ ጎማ የማውቀውን ላጫውታችሁ።

የእኔ ቫን የ2006 ፎርድ ኢ-350 ነው። ባለፈው ጥቅምት አራቱንም ጎማ ልቀይር ሄድኩ። ጎሚስታው የእኛው ልጅ ነው፣ ለእኔ አስቦ፣ “ጋሼ፣ ቁጥሩ ያው ነው፤ ይሄኛው ግን በአንዱ ስልሳ ዶላር ይቀንስሎታል” አለኝ። አልዋሸም። ሁለቱም ላይ 245/75 አር 16 ይላል። 245 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 75 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው።

ልዩነቱ ከቁጥሩ በፊት ባሉት ሁለት ፊደላት ላይ ነው፦ ኤልቲ። ለጭነት መኪና የተሠራ ማለት ነው። ኤልቲ የሆነውና የጭነት ደረጃው ኢ የሆነው ጎማ በደንብ ሲነፋ አንዱ ብቻውን 3,000 ፓውንድ ይሸከማል። ኤልቲ የሌለው የቤት መኪና ጎማ ግን የሚችለው 2,300 ገደማ ነው፤ ቫን ላይ ሲገጠም ደግሞ ከዚያም ዝቅ ተደርጎ ይቆጠራል። በአራቱ ጎማ ስትደምሩት ልዩነቱ ከ2,500 ፓውንድ በላይ ነው። አንዲት ትንሽ መኪና ማለት እኮ ነው!

ቫኑን የሚነዳው ልጄ ነው። ቅዳሜ ሠርግ ካለ ሁለት አስተናጋጆችና ወጥ የምትሠራልን እናት አብረውት ይሳፈራሉ፤ ሲመለሱ ሌሊት ነው፣ መንገዱም ሃይዌይ ነው። እነሱ ደጅ ደርሰው የበሩን ድምፅ እስክሰማ ድረስ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ጎሚስታውን “ልጄ፣ ተባረክ፣ ኤልቲውን ግጠምልኝ” አልኩት። አራት ጊዜ ስልሳ 240 ዶላር ነው። በአንድ ቅዳሜ ምሳ ይመለሳል።

ልጄ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ባለ 20 ቸርኬ አምሮት ነበር። ወጣት ነው፣ አልፈርድበትም። ነገር ግን ቸርኬው ሲተልቅ የጎማው ጎን መሳሳት አለበት፤ ስስ ሆኖ ያን ሁሉ ጭነት የሚችል ጎማ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ቸርኬውም ራሱ የሚሸከመው ልክ አለው። ቡለኑም ይለያያል፤ የኢ-350 ስምንት ነው፣ የታናሽ ወንድሙ የኢ-150 ግን አምስት። የአንዱ ምጣድ አክንባሎ ሌላው ላይ አይገጥምም እንደምንለው ነው። ጎማው በጠቅላላው ከፍ ካለ ደግሞ የፍጥነት መቁጠሪያው ይሳሳታል፤ 60 እያሳያችሁ ከዚያ በላይ ትነዳላችሁ።

ዕድሜውንም እዩ። ጎማው ጎን ላይ፣ ዲኦቲ የሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ። 3519 ቢል በ2019 ዓ.ም. በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ። ብዙ መኪና አምራቾች ጥርሱ ባያልቅም ስድስት ዓመት ሲሞላው ቀይሩት ይላሉ። ያገለገለ ጎማ የምትገዙ መጀመሪያ ይቺን ቁጥር አንብቡ። ስኮርታውንም አትርሱ፤ ጥርሱ አዲስ ይመስላል እንጂ ከቫኑ ጋር አብሮ ያረጀ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም 15 ሰው የሚጭን ቫን ያላቸውን፣ አሮጌ ስኮርታ አውጥታችሁ አትግጠሙ ብሎ ያስጠነቅቃል።

ለቫናችሁ ትክክለኛው የጎማ ልክ የት አለ ብትሉኝ፣ የሾፌሩን በር ክፈቱና መቃኑን እዩ። የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ የጎማውን ልክ፣ የፊትና የኋላውን ንፋስ ለየብቻ ይነግራችኋል። ጎማው ላይ የተጻፈው የንፋስ ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የእናንተ መኪና ልክ አይደለም። ንፋሱንም ጠዋት፣ ሳትነዱ፣ ጎማው ሳይሞቅ ለኩት። ያንን ወረቀት ዛሬውኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ያዙ። ጎማ ቤት ስትሄዱ ከዋጋ በፊት እሱን አሳዩ።