ውሃ የጠጣ ቡታጋዝ

በ2014 ዓ.ም. የሐምሌ ዝናብ መሳለሚያን ጭቃ በጭቃ ባደረጋት ሰሞን የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለና ዘጠኝ ቀን ያለ መብራት ከረምን። በሁለተኛው ቀን እናቴ ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር አንድ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ጎትታ አወጣች። የድሮው ቡታጋዝ ነበር።

«ይኼ እያለልኝ ማንም አያስጨንቀኝም» አለችኝ።

ማንም ያለችው እህቴን ነው። እህቴ ከዓመት በፊት ጀምራ «እማዬ እኛ ኮንዶሚኒየም ትግባ፤ ሰማንያ ዓመት ያለፋት ሰው ብቻዋን እንዴት ትኖራለች» እያለች ነበር። ሐኪም ደግሞ ከከሰል ጭስ እንድትርቅ አዟታል። ስለዚህ መብራት በሌለበት ሰሞን ቡናዋን በራሷ እጅ ማፍላቷና አለማፍላቷ በቤታችን ቀላል ጉዳይ አልነበረም። እኔም ይህን ስለማውቅ እጅጌዬን ሰብስቤ ቀረብሁ።

ዳሩ ግን ቡታጋዙ አልሞቅ አለ።

ጭራሽ አልነድ አለ ማለቴ አይደለም። ክብሪት ሲጫርለት ይያያዛል። ነገር ግን ነበልባሉ ቢጫ፣ ሰነፍ፣ ጫፉም ላይ ጥቁር ጭራ ያለው ነው። ጀበናው ከተጣደ አንድ ሰዓት ሊሞላው ምንም ሳይቀረው ውሃው ገና ለብ ብሎ ነበር። የጀበናው ቂጥ ግን በጥላሸት ተለብጧል፤ የእናቴ ነጠላ ጫፍም እንዲሁ።

ቡታጋዝ የሚለው ስም በመሠረቱ በሲሊንደር ታሽጎ የሚመጣው የቡቴን ጋዝ ስም ነው። እኛ ዘንድ ግን ነጭ ጋዝ ጠጪውም ባለክር ምድጃ ቡታጋዝ ተብሎ ቀርቷል፤ ማንም አይሳሳትበትም። በፓምፕ አየር እየተሞላ እንደ ንብ የሚጮኸው ፕሪሙስ የሌላ ዘር ነው፤ እርሱን ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት የተባለ ስዊድናዊ በ1892 እ.ኤ.አ. ነው የሠራው። የኛው ድምፅም የለው፣ ፓምፕም የለው። አሠራሩ እንደ ኩራዝ ነው። ከሥሩ ሆድ አለው፤ ነጭ ጋዙ እዚያ ይቀመጣል። ከሆዱ አሥር የጥጥ ክሮች በክብ ተደርድረው ይወጣሉ። ክሩ ጋዙን እየመጠጠ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ አናቱ ላይ ሙቀቱ ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል። ከዚያ በላይ እንደ ወንፊት የተበሳሱ ሁለት የቆርቆሮ ቀለበቶች አንዱ በሌላው ውስጥ ቆመዋል። እንፋሎቱ በሁለቱ መካከል ሲወጣ በቀዳዳዎቹ ከሚገባው አየር ጋር ይደባለቃል። ድብልቁ ከተመጣጠነ ነበልባሉ ሰማያዊ ይሆናል። አየር ካነሰው ቢጫ ነው። ቢጫነቱ ሳይነድ የቀረ የከሰል ብናኝ እየጋለ የሚሰጠው ብርሃን ነው፤ ለኩራዝ ጌጥ ሲሆን ለድስት ግን ጥላሸት ነው።

ይህን ሁሉ ያኔ እንዲህ አስተካክዬ አላውቀውም ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱንም ከሚገባው በላይ አውቀው ነበር። ቡታጋዝ አልሞቅ ሲል ሆዱ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነው ብዬ አምን ነበር። ለምን እንዲህ እንዳመንሁ ቆይቼ እናገራለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዬ ሆዱን መገልበጥ ሆነ። ጋዙን በብርጭቆ ቀድቼ በሻማ ብርሃን አየሁት። ውሃ ቢኖር ከታች ተለይቶ ይቀመጥ ነበር፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ግን 800 ግራም ያህል ብቻ ነውና። ምንም የለም። አላመንሁም፤ ደግሜ ቀዳሁ። አሁንም የለም። ያን ሰሞን የነጭ ጋዝና የናፍጣ ዋጋ እኩል በሊትር 49 ብር ከ2 ሳንቲም ነበርና በከንቱ ያፈሰስሁትን ጠብታ እማዬ ቆማ ትቆጥረው ነበር።

ቀጥዬ ክሩን ጠረጠርሁ። አሮጌው አናቱ ከስሎ ነበር። ከአንድ ሱቅ ነጭ፣ ወፍራም፣ የሚያምር ክር ገዝቼ አሥሩንም ለወጥሁ። ቀለበቶቹንም በሳሙና አጥቤ፣ ቀዳዳዎቹን በመርፌ አንድ በአንድ ከፈትሁ። ከሰዓት በኋላዬን በሙሉ የበላ ሥራ ነው። ስለኩሰው ግን ባሰበት። ከቢጫነቱ ሌላ አሁን የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስል ሽታ ተጨመረ። እህቴ ስልክ ደውላ «እንዴት ሆናችሁ?» ስትል እማዬ «ቡናችንን ጠጥተን ተቀምጠናል» ብላ ዋሸቻት።

በማግስቱ ቡታጋዙን በፌስታል ይዤ ወደ ምናለሽ ተራ ወረድሁ።

ምናለሽ ተራን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ከተማው የጣለው ዕቃ ሁለተኛ ነፍስ የሚዘራበት ቦታ ነው። በርሜሉ ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፤ የመኪናው ጎማ ጫማ፣ የዘይቱ ጣሳ ኩራዝ ይሆናል። ከመዶሻው ጩኸት የተነሳ ሰው የሚነጋገረው በእጁ ጭምር ነው። ጠይቄ ጠይቄ በአንድ የላስቲክ ጥላ ሥር ወደተቀመጡ ሽማግሌ ተመራሁ። መነጽራቸው በክር ታስሯል። ፊት ለፊታቸው ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መዶሻና አንድ ቁራጭ ልሃም ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ አልሞቅ ብሎኝ ነው» አልኳቸው።

«ጋዙስ ከየት ነው?» አሉ እንጂ ዕቃውን አላዩትም። በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ጥቂት ጠብ አድርገው፣ ራቅ አሉና የተጫረ ክብሪት አስጠጉት። አልተያያዘም። «ጥሩ ነው። ቤንዚን ቢቀላቀልበት ገና ክብሪቱ ሳይደርስ ይዘል ነበር፤ እንዲያ ያለውን አልነካም። ስንት ሰው ፊቱን አጥቶበታል።» ለካ ነገሩ እውነት ነው፤ ንጹሕ ነጭ ጋዝ በጠብታው ላይ እሳት ለመቀበል 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ መሞቅ አለበት፤ የቤንዚን እንፋሎት ግን በብርድም ይያያዛል። እኔ ውሃ ስፈልግ የዋልሁ ሰው ይህን ከሁሉ የሚያስፈራውን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም።

ከዚያ አንዱን ክር መዝዘው በክብሪት ለኮሱት። ጥጥ ሲነድ አመድ ይሆናል፤ የኔ ቆንጆ ክር ግን ቀልጦ ተንጠባጠበ። «ናይለን አለበት፣ ልጄ። ይህ ጋዝ አይጠጣም፤ ይቀልጥና አፉን ይዘጋል።» ቀለበቶቹንም አንስተው በዓይናቸው ለኩና ሳቁ። ሳጥብ የውስጠኛውን ገልብጬ መልሼዋለሁ፤ ያም ሳያንስ ወደ አንድ ጎን ጎብጧል። መካከሉ ካልተስተካከለ ባንድ ወገን አየር ይበዛል፣ ባንድ ወገን ያንሳል። በመዶሻው እጀታ ቀስ እያሉ አቀኑት። የጥጡን ክር ሲያስገቡ ደግሞ ቁመቱን ከለመድሁት አሳጠሩት።

«ለምን አጠሩ?»

«አገራችን ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ረጅም ክር ብዙ ጋዝ ያወጣል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን የለም።»

በኋላ ሳስበው ልክ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናትና በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው አየር ባሕር ዳር ከሚገኘው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ውሃችንም በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው ለዚህ ነው። ባሕር ዳር ላለ ወጥ ቤት የተሠራ ምድጃ እዚህ ሲመጣ ቢታፈን አይፈረድበትም።

ሥራው ያለቀ መሰለኝና ገንዘብ ላወጣ ስል ሽማግሌው ቡታጋዙን ገለበጡት። ከሆዱ ሥር የሁለት ጣት ስፋት ያለው የልሃም ጥጋን አለ። በጥፍራቸው እየዳበሱ፣ «ይኼ ዱሮ ውሃ የጠጣ ነው» አሉ። «ጋዝ ቆርቆሮ አይበላም። ከሥር የተኛ ውሃ ነው እንዲህ የሚያዝገው። ባለቤቱን የሸጠለት ሰው አጭበርብሮት ይሆናል።»

«ይሆናል» አልኩ።

1979 ዓ.ም. ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እማዬ ጠርሙስና ሳንቲም ሰጥታ ነጭ ጋዝ ትልከኛለች። ከእህል በረንዳ ወዲህ ባለው መንገድ ላይ ጆተኒ ነበር። ከጋዙ ሒሳብ ስሙኒ ቀንሼ እጫወትና፣ የጎደለውን ጠርሙስ ከቦኖው ውሃ እሞላዋለሁ። ጠርሙሱ ጥቁር ስለሆነ አይታወቅም። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልሆነም። ውሃው ከሥር ይተኛል፣ ጋዙ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ክሩም ከላዩ ይጠጣል፤ ምድጃው እንደ ወትሮው ይነዳል። ያልተያዘ ልጅ ምን ያደርጋል? ይደግማል። እኔም ደጋገምሁት። ሆዱ ውስጥ ያለው ውሃ በየጊዜው ከፍ፣ ከፍ እያለ መሄዱን ግን አላሰብሁትም።

አንድ የክረምት ሌሊት እህቴ ትኩሳት ይዟት ስታለቅስ እማዬ አጥሚት ልታሞቅላት ለኮሰችው። ተንጣጣ፣ ተንጣጣና ጠፋ። ሆዱን ነካ አድርጋ ስትሰማው ግማሽ ድረስ ሙሉ ነው። ደግማ ለኮሰች፤ ጠፋ። በዚያ ዝናብ ጎረቤት አንኳኩታ ፍም ለምና መጣች። ሲነጋ ሆዱን ገለበጠችው፤ ውሃ ነው።

ባለሱቁን ሰፈር ተሰብስቦ ሲያየው ሰደበችው። ሰውየው «እንደመጣልኝ ነው የሸጥኩልሽ፤ ከፈለግሽ አሰብ ሄደሽ ማጣሪያውን ጠይቂ» አለ። ያኔ የአሰቡ የነዳጅ ማጣሪያ ገና በሥራ ላይ ነበር፤ የተዘጋው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ሰዉ ሳቀበት። ከዚያ በኋላ «ውሃ ሻጩ» ተባለ። ልጆች በደጁ ሲያልፉ እየጮኹ ይጠሩት ነበር፤ እኔም አብሬ ጮኬያለሁ። ይህን መጻፍ ከሁሉ ያስቸግረኛል። ደምበኛው እየሳሳ ሄደና ዓመት ሳይሞላው ሱቁን ዘግቶ ከሰፈሩ ወጣ። ሦስት ልጆች ነበሩት፤ አንዱ የክፍል ጓደኛዬ ነበር።

ቤት ስደርስ ቡታጋዙን ለኮስሁት። ሰማያዊ አክሊል ዙሪያውን ገጥሞ ተነሣ፤ ጀበናው በሩብ ሰዓት ገነፈለ። እማዬ ደስ ብሏት ለእህቴ እስክትደውል አልታገሰችም። ሲኒ ስታቀራርብ ግን የልሃሙን ጥጋን አይታ፣ «ያ ርጉም ባለሱቅ ያስበላኝ ነው» አለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አልረሳችውም።

«እማዬ፣ ውሃውን የጨመርሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

ቡናውን መቅዳቷን አላቋረጠችም። ሦስት ሲኒ ቀዳች፤ እኛ ሁለት ነበርን።

«ስንት ወስደህ ነበር?»

«በየጊዜው ስሙኒ።»

«ለምን?»

«ለጆተኒ።»

ዝም አለች። ከደጅ የዝናቡ ድምፅ ይሰማል። ቆይታ ቆይታ፣ «ሚስቱ ለእህትህ እርጎ ታመጣላት ነበር» አለች። አቦል፣ ቶና ተጠጣ፤ ሌላ ቃል አልተናገረችም። በረካው ላይ ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ነገ እህል በረንዳ ወርደህ የዱሮ ሰዎችን ጠይቅ። ሰውየው በሕይወት ካለ እኔ ራሴ እሄዳለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ ወረድሁ። አንድ የእህል ነጋዴ ሽማግሌ አስታወሱት፤ ውሃ ሻጩ ስላቸው ነው ያስታወሱት፣ በስሙ ስጠራው አላወቁትም ነበር። ወደ ኮልፌ በኩል ሄዷል መባልን ሰምተዋል። ኮልፌም ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ።