ምስክሯ ቀዳዳ

አዲስ የውሃ ፓምፕ የተገጠመላት መኪና በሦስተኛው ቀን ውሃ ስታንጠባጥብ ባለቤቱ «መካኒኩ ነው!» ይላል። መካኒኩ «ዕቃው ነው» ይላል። ባለሱቁማ መልሱ ያው ነው፦ «የተገጠመ ዕቃ አንመልስም»።

እኔ የማምነው ምስክር ፓምፑን ራሱን ነው። ከዘንጉ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች። ውሃው በእሷ መውረዱን ካላቆመ የውስጡ ሲል አልያዘም፤ ጥፋቱ የዕቃው ነው። በጋስኬቱ ዙሪያ ከሆነ ግን ወይ አሮጌው ጋስኬት በደንብ አልተፋቀም፣ ወይ ቡሎኖቹ እኩል አልጠበቁም። ያኔ ገጣሚው ይጠየቅ።

የሚያናድደኝ «ግድ የለም ጋሼ፣ ውሃ እየጨመሩ ይንዱ» የሚለው ምክር ነው። አዲስ አበባ ላይ እኮ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው! ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ የያዘው ግፊት ነው፤ የሚያፈስ መኪና ደግሞ ግፊት አይይዝም። ሞተሩ ይግላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ለባለታክሲው ጎረቤቴ ይህ የልጆቹ እንጀራ ነው።

ሞተሩ ሲበርድ በእጅ ባትሪ አየነው፤ ጋስኬቱ ደረቅ፣ ቀዳዳዋ እርጥብ። ፓምፑን አስፈትቶ በፌስታል ይዞ ሶማሌ ተራ ወረደ። እስከ ዛሬ እየተከራከሩ ነው።